ልጅዎን ናቹራል የማስገባት ጥበብ

ልጅዎ አሥረኛን ጨርሳለች፤ እንኳን ደስ አለዎት። ነሐሴ ነው፣ ጀሞና ለቡ በጭቃ ተውጠዋል፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ምዝገባም ደርሷል። ትምህርት ቤቱ የሚሰጥዎት ቅጽ አንድ ገጽ ቢሆን ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ወረዳ፣ የወላጅ ስልክ፣ ከዚያ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች። አንዱ የተፈጥሮ ሳይንስ ይላል፣ በእኛ አፍ ናቹራል፤ ሌላው የማኅበራዊ ሳይንስ፣ በእኛ አፍ ሶሻል። የዚህ ምክር ዓላማ ብዕርዎ ተንሸራቶ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ እንዳይገባ መጠበቅ ነው።

የሌላ አገር ወላጆች አያስቀኑዎት። አሜሪካ ያለ ተማሪ የመጨረሻውን ዓመት ትምህርት ሲመርጥ ካልኩለስ ልጨምር፣ ስታቲስቲክስ ይሻለኛል፣ ፊዚክሱን ልተወው፣ ዩኒቨርሲቲው ምን ይለኛል እያለ ክረምቱን በጭንቀት ይጨርሰዋል። እዚሁ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ አይ.ቢ. በሚባለው ሥርዓት የሚማረው ልጅም ስድስት የትምህርት ዓይነት መርጦ ሦስቱን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ይጠየቃል። ይሄ ሁሉ ምርጫ ምን ያደርጋል? የእኛ ጥያቄ አንድ ነው፤ መልሱ ሁለት ነው፤ ከሁለቱም አንዱ ለጎረቤት አይነገርም። ስለዚህ መላው ቤተሰብ ሳይደክም መሳተፍ ይችላል።

ሲጀመር ልጅቷን አይጠይቁ። «ምን መማር ትፈልጊያለሽ?» የሚል ጥያቄ መልስ ያመጣል፤ መልስ ደግሞ ጣጣ ነው። ይልቅ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ይፈላና ጉባኤ ይጠራ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት፣ ልጃቸው ጎንደር በሕክምና የተመረቀላቸው እትዬ ሳይመጡ ጉባኤው እንዳይጀመር፤ ልጃቸው አሁን የት እንደሚሠራ ግን አይጠየቁም። የእድሩ ጸሐፊ ይኑሩ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ ያውቁበታል። ቨርጂኒያ ያለው አጎት በቫይበር ይግባ። እሱ እዚህ አገር የሚያውቀው ፈተና ከተሰረዘ ቆይቷል፤ ቢሆንም የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ እጁ ስላለበት ድምፁ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ልጅቷ ስኒ ታቀራርብ። ተሳትፎዋ ይኸው ነው።

«እናቴ፣ ሒሳብሽ እንዴት ነው?» ይሏታል እትዬ።

«ደህና ነው፤ ግን እኔ ታሪክና...»

«ሒሳብሽ ደህና ከሆነ ምን ቀረ? ናቹራል ነዋ!»

«ታሪክ እወዳለሁ፣ እትዬ።»

«ውደጂያ! ማን ከለከለሽ? ታሪክ የት ይሄዳል? ያለፈ ነገር አይደል እንዴ!»

ይህ ንግግር ካልበቃ በሁሉም ቤት የሚሠራ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ናቹራል የገባ ሶሻል መማር ይችላል፤ ሶሻል የገባ ግን ናቹራል መማር አይችልም።» በቃልዎ ይያዙት። ከሳሪስ እስከ መካኒሳ ይህን ሰምቶ የተከራከረ አጎት የለም። እርግጥ ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጋር ታግላ ስታበቃ ሕግ ልትማር ከሆነ ያ ሁለት ዓመት ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ለሁለተኛው ቡና አይጥሩት።

አጎትየው «በእኛ ጊዜ እኮ ፈተናው ራሱ ይለይ ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መሰናዶ የሚገባውንና ቴክኒክና ሙያ የሚሄደውን ይለይ ነበር። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነበር፤ ጥፋተኛ ይሰጥ ነበር። ልጁ ያሰበበት ሳይገባ ሲቀር «ሚኒስቴሩ ነው» ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ያ ፈተና የለም። ኃላፊነቱ በሙሉ ቡናው ላይ ወድቋል።

ይህን ጥበብ ብቻችንን አልፈለሰፍነውም፤ መንግሥትም አግዞናል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች ሰባ በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገቡ ተወስኖ ነበር። ሰባ ሠላሳ ይባል ነበር፤ የእድሜ እኩዮችዎ ያስታውሱታል። አገሪቱ ኢንጂነር ያስፈልጋታል ተባለ፣ ኢንጂነር ተመረቀ። በኋላ ውሳኔው ላላ፤ በእኛ ሳሎን ውስጥ ግን ዛሬም እንደ ጸና ነው። ሕግ ሲሻር ባህል ሆኖ ይቀራል ማለት ይህ ሳይሆን አይቀርም። እናም ከጎተራ ወደ ላፍቶ ራይድ ጠርተው ሾፌሩ የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ ሆኖ ካገኙት፣ ልጅዎም ከኋላ ተቀምጣ ከሆነ፣ ወሬውን ቶሎ ወደ መንገድ መጨናነቁ ያዙሩት። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሐኪሞችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ያቆሙ ሰሞን ደግሞ ቴሌቪዥኑን ዘግተው እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንግባ። ልጅዎ ስልክ አላት፤ ስልክ ካላት ቁጥር ታገኛለች። ቀድመው ይዘጋጁ።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከዚያ በፊት እንደነበሩት አልነበረም። ፈተና መስረቅና መኮራረጅ ስለበዛ ተፈታኞቹ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዘው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው የተፈተኑት፤ መጀመሪያ ሶሻሎች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ናቹራሎች። ውጤቱ ሲወጣ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ሲከፋፈል ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከ339,642 የናቹራል ተፈታኞች 22,936 አለፉ፤ ከ556,878 የሶሻል ተፈታኞች 6,973 አለፉ። የመጀመሪያው ወደ 6.8 በመቶ፣ ሁለተኛው ወደ 1.3 በመቶ ይመጣል።

አዩልኝ? የእትዬ ንድፈ ሐሳብ በመንግሥት አኃዝ ተረጋገጠ! ናቹራል የገባ የማለፍ ዕድሉ አምስት እጥፍ ነው። ይህን ልጅቷ ፊት ሲያነቡ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ፈጠን ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ ካላለፉ ግን ሁለት ነገር ትጠይቅዎታለች። አንደኛ፣ «ሶሻል ቀላል ነው፣ ለሰነፍ ነው» ስትሉኝ አልነበረም ወይ? ቀላል ከሆነ ከመቶ አንድ ሰው ብቻ ለምን ያልፋል? ሁለተኛ፣ ናቹራልም ቢሆን ከመቶ ዘጠና ሦስቱ ወድቀው የለም ወይ?

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የለኝም፤ ቡና ይድገሙ። ለመጀመሪያው ግን መልስ አለ፤ ቤት ውስጥ ባይነገር ይመረጣል እንጂ። ሶሻል ክፍል በብዙ ቦታ ተመርጦ የሚገባበት ሳይሆን ተርፎ የሚገባበት ክፍል ነው። ሒሳብ የከበደውን፣ ፊዚክስ አስተማሪ ያልነበረውን፣ መምህሩ ተስፋ የቆረጠበትን ልጅ «አንተ ሶሻል ሂድ» ብለን እንልካለን። ከዚያ ውጤቱ ሲወድቅ የወደቀው ትምህርቱ ይመስለናል። በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,161 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ናቹራልም ሶሻልም አልተረፈም፤ የቱም ሳጥን ላይ ምልክት ቢደረግ ለውጥ አልነበረውም። እዚህ ላይ የምክር ሰጪነቴን ኮስታራ ፊት ለአፍታ ባወልቀው ይቅር ይሉኛል፤ ከዚህ ቁጥር ጋር መቀለድ ይከብዳል።

ፊቴን መልሼ ለበስኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል፤ የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። በዚህ ፍጥነት ልጅዎ ስትደርስ ስንት እንደሚሆን የእድሩ ጸሐፊ ያስሉልዎት፤ እሳቸው የወለድ ሒሳብ ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ መደበቅ ያለበት ምሥጢር ቀጥሎ ይመጣል። ፈተናው ስድስት የትምህርት ዓይነት ነው። ናቹራሏ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ትፈተናለች፤ ሶሻሏ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። የቀሩት ሦስቱስ? እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ። ለሁለቱም! የሒሳቡ ወረቀት ለየብቻ ይዘጋጃል እንጂ ሒሳብ የቀረለት የለም። ማለትም ጉባኤው ሦስት እሑድ ሙሉ የተሟገተው፣ እትዬ ድምፃቸው እስኪዘጋ የተከራከሩት፣ አጎት ዳታ የጨረሰው ስለ ፈተናው ግማሽ ብቻ ነው። ስለ ሌላው ግማሽ ማንም ቡና አፍልቶ አያውቅም።

አፍልቶ እንዳይጀምር ደግሞ ይጠንቀቁ። ለፊዚክስ አስጠኚ ይቅጠሩ፤ አምስት ኪሎ ምህንድስና የሚማር አራተኛ ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ጀሞ ድረስ በታክሲ ይምጣ፣ ሻይም ይቅረብለት። ለእንግሊዝኛ ግን አስጠኚ ምን ይሠራል? ልጅቷ ፊልም ያለ ትርጉም ታያለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፣ እርስዎን ደግሞ «ኦ ማይ ጋድ» ትልዎታለች። አለቀ፣ ችላለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም ኢኮኖሚክሱም የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ መሆኑን፣ ፈተናውም እንዲሁ መሆኑን አያስታውሱ። ስለ ውጫሌ ውል አያቷ አሥር ጊዜ የነገሯት፣ አንቀጽ አሥራ ሰባትን ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት የምትተነትን ልጅ «ኤክሴፕት» የምትለዋን ቃል ዘልላ ትክክል ያልሆነውን ምረጪ ሲሏት ትክክለኛውን አጥቁራ ትወጣለች። ከዚያ ሰው ሁሉ «ታሪክ አይሆናትም ብለን ነበር» ይላል።

አፕቲትዩድማ ወላጅ የሌለው ትምህርት ነው። መማሪያ መጽሐፍ የለው፣ ክፍለ ጊዜ የለው፣ አስተማሪ የለው። ግማሹ አንብቦ መረዳትና የቃላት ዝምድና ነው፣ ግማሹ በቁጥር ማሰብ። ሲያነብ ያደገ ልጅ ብዙ ሳይደነግጥ ይሠራዋል፤ ሳያነብ ያደገውም በመጨረሻው ወር ከቴሌግራም ባወረደው ፒዲኤፍ ይሸመድደዋል፤ ማሰብን መሸምደድ እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። «ታዲያ ታንብብ» የሚል ሐሳብ ከጉባኤው ከተነሣ የሚመልሱት አያጡም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው፤ ከጀሞ እዚያ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር አለ፣ ክረምት ነው፣ ልጅቷም ሴት ናት፣ ይመሻል። ቤት ውስጥ ልብ ወለድ ይዛ ካገኟት ደግሞ «ትምህርትሽን አትይዢም?» ይበሏት። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የአፕቲትዩድ ውጤትን በመቀነስ ረገድ ተወዳዳሪ የላትም።

ግብርናና አይ.ሲ.ቲ. የሚባሉም አሉ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለናቹራሎች ገብቶላቸዋል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ላይ ስለማይመጡ እንደ ትምህርት አይቁጠሯቸው፤ በእነሱ ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ ዎርክሺት ይሠራል። ወለንኮሚ የተወለዱት ገቢሳ ኤጀታ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ዓለማያን አልፈው፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን መሸለማቸው የግል ጉዳያቸው ነው። እትዬ እርሻ ከገጠር ለመጡ ሰዎች ነው ብለዋል፤ እሳቸው ራሳቸው ከየት እንደመጡ አሁን ማንሳት ነውር ነው።

ልጅቷ እልኸኛ ከሆነችና «እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የምፈልገው» ካለች ነገሩ ይከብዳል፤ ምሳሌ መደርደሯ አይቀርምና። የትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ ኢኮኖሚስት ናቸው፤ ያን ሁሉ ቁጥር ቆመው ያነበቡልን ሰውዬ ከሶሻሉ ጎራ ናቸው ትልዎታለች። መለስ ዜናዊ ሕክምና ጀምረው በ1967 በረሃ ገቡ፤ ሲመለሱ በርቀት ያጠኑት የንግድ አስተዳደር ነው፣ ቀጥሎም ኢኮኖሚክስ ነው ትልዎታለች። እርስዎም ዝም አይበሉ፤ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሲቪል ኢንጂነር ናቸው ይበሏት። አንድ ለሁለት ተሸነፉ እንዳይባል ደግሞ «እነሱ ጊዜያቸው ሌላ ነበር» ብለው ይዝጉት።

ይህም ካልሠራ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይረዳዎታል። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ሶሻል ክፍል የሚከፍተው በቂ ተማሪ ከተመዘገበ ነው። ወላጅ ሁሉ የእርስዎን ምክር ከተከተለ በቂ ተማሪ አይመዘገብም። ርዕሰ መምህሩ በሐዘኔታ «ዘንድሮ አልተሟላም፤ ሶሻል የፈለገ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ አለበት» ይላሉ። እርስዎም በሐዘኔታ ራስዎን ይነቅንቁ። ከልጅዎ ጋር ሳይጣሉ አሸነፉ ማለት ነው፤ የምዝገባ ክፍያውን ጨምረው ከሆነ ግን ደረሰኝ ይያዙ።

አሁን የቀረው ትንሽ ነው። አሥራ አንደኛን ትማራለች፣ አሥራ ሁለተኛን ትማራለች፣ ሞዴል ፈተና ትፈተናለች፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት ታጠናለች። አልፋ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች እንበል፤ እንዲያ ያድርግላት። ሳታልፍ ብትቀርና ነጥቧ ቀረብ ያለ ከሆነ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፣ ከ2015 ጀምሮ ብዙ ሰው ወጥቶበታል፣ አያሳፍርም። በማለፏ ቀን እትዬ እልል ይበሉ፤ «አላልኳችሁም?» ለማለት መብት አላቸው።

ስለ አንደኛ ዓመት ግን ሳላስጠነቅቅዎ ብቀር ክፋት ይሆንብኛል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ አንድ ዓመት ፍሬሽማን ይማራል። ናቹራሏ ልጅዎ ከእነዚያ ሁሉ እሑዶች በኋላ ካምፓስ ገብታ የኮርስ ዝርዝሯን ስታይ ምን ታገኛለች መሰልዎት? የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ። ሥነ ልቦና። ሎጂክ። አንትሮፖሎጂ። ኢኮኖሚክስ። እንግሊዝኛ ደግሞ እንደ ገና። ጎኗ የምትቀመጠው ሶሻል የመጣች ልጅ በበኩሏ ሒሳብ ትይዛለች። ሁለቱ አንድ ዶርም ከደረሳቸው ጂኦግራፊውን ያቺ ለዚህች፣ ሒሳቡን ይህቺ ለዚያች ያስረዳሉ፤ ለፈተናው ዝግጅት ብቻ ስለሆነ አይስጉ።

ምናልባት አንድ ማታ ትደውልልዎታለች። ስለ ዓባይ ተፋሰስ እያነበበች መሆኗን፣ ደስ እንዳላት፣ መምህሩ ጥያቄሽ ጥሩ ነው እንዳሏት ትነግርዎታለች። ቀጥላ፣ «ይሄንን ነበር እኮ አሥረኛ ላይ...» ስትል ኔትወርኩ ይቆራረጣል ብለው ይዝጉት።